የእናት ጡት፣ የጣሳ ወተትና የአያት ማንኪያ



ዛሬ ራቅ ወዳለ አገር እወስዳችኋለሁ። ወደ ደቡብ አፍሪካ፣ ወደ ቦትስዋና፣ ወደ ዚምባብዌ፣ ወደ ዛምቢያና ወደ ማላዊ። «እኛን ምን አገባን?» የምትሉ አትጠፉም። ነገሩ ግን ከማንም ይልቅ አያቶችን ይመለከታል። በእነዚያ አገሮች ሐኪሞችና ተመራማሪዎች ሃያ ሠላሳ ዓመት የደከሙበት ጥያቄ፣ እኛም ቤት ልጅ በተወለደ ቁጥር የሚነሳ ጥያቄ ነው። አዲስ የተወለደ ልጅ አፍ ውስጥ ምን ይግባ? የሚወስነውስ ማን ነው? (ዓመቶቹን ሁሉ እዚህ በለመድነው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፋቸው።)

በአገራችን ልጅ ሲወለድ ምን ይደረግ እንደነበረ አትረሱትም። ለጋ ቅቤ በጣት ጫፍ ይነካና ሕፃኑ ይልሳል፤ «አንጀቱን ያለሰልስለታል» ይባላል። ሆዱን ሲቆርጠው የአብሽ ውሃ፣ ሲያለቅስ ስኳር የተበጠበጠበት ውሃ፣ ሦስት አራት ወር ሲሆነው ደግሞ ቀጠን ያለ አጥሚት። ይህን ያደረገ ሁሉ ልጁን ወዶ ነው እንጂ ጠልቶ አይደለም። እዚህ ከመጣን በኋላም በቤር ሼቫ ሙቀት አንዲት አያት የልጅ ልጇን ታቅፋ «ይኼ ልጅ እኮ ጠምቶታል፤ አንድ ማንኪያ ውሃ ስጡት እንጂ» ብትል ማን ይፈርድባታል? የቲፓት ሃላቭ ነርስ «ስድስት ወር እስኪሞላው ከጡት ሌላ ምንም አትስጡት» ስትል፣ አያቲቱ አፍ አውጥታ ባትናገርም በልቧ «ስምንት ልጅ ያሳደግኩት እኔ ነኝ ወይስ እሷ?» ትላለች። ይህቺው አንዲት ማንኪያ ናት እንግዲህ ደርባን በምትባል የደቡብ አፍሪካ ከተማ የሞትና የሕይወት ጉዳይ ሆና የተገኘችው።

ከመቀጠሌ በፊት ስለ አንድ ቃል ልናገር። ኤች.አይ.ቪ. የሚለው ስም በእኛ ቤቶች ሲነሳ ድምፅ ዝቅ ይላል፣ በር ይዘጋል። ምክንያቱን ታውቃላችሁ። በጥር 1996 ከእኛ ሰዎች የተለገሰ ደም በዚህ በሽታ ፍርሃት ምክንያት ለዓመታት በምሥጢር ይደፋ እንደነበረ ጋዜጣ ላይ ወጣ። በዚያው ወር መጨረሻ በሺዎች የሚቆጠሩ ወገኖቻችን ኢየሩሳሌም ላይ በጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት ፊት ወጥተው ጮኹ። ደም ሰጥቶ «ደምህ አያስፈልግም» መባል ቀላል ነገር አይደለም። ከዚያ ወዲህ ስለዚህ በሽታ ማውራት ስድቡን እንደ መቀበል የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። እኔ ግን ዝም በማለታችን ስድቡ አልቀረልንም ባይ ነኝ። የቀረብን እውቀቱ ነው። እዚያ ታች ደግሞ ዝምታ ራሱ ሕፃናትን ሲገድል ታያላችሁና ታግሳችሁ አንብቡኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቫይረሱ በደሟ ያለ እናት ለልጇ ልታስተላልፍ የምትችለው በሦስት መንገድ ነው፤ ልጁ በማኅፀን ሳለ፣ በምጥና በወሊድ ጊዜ፣ ወይም በጡት ወተት። ምንም መድኃኒት ካልተወሰደ ከ100 እንዲህ ያሉ እናቶች ልጆች ከ15 እስከ 45 የሚሆኑት ይያዛሉ። ተይዘው ሳይታከሙ ከቀሩት ሕፃናት ግማሽ ያህሉ ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞታሉ። የጡት ወተት ቫይረሱን እንደሚያሳልፍ የታወቀው በ1980ዎቹ አጋማሽ ነው። ያን ጊዜ ሀብታሞቹ አገሮች ወዲያው መልስ ነበራቸው፤ «አታጥቡ፣ የጣሳ ወተት ስጡ» አሉ። ውሃው ከቧንቧ ንጹሕ ሆኖ የሚወርድበት፣ ምድጃው በአንድ ጣት የሚለኮስበት፣ ጣሳው ከሱቅ የማይጠፋበት አገር ላለ ሰው ይህ ምክር ትክክል ነበር።

ውሃ ከወንዝ የምትቀዳ፣ እንጨት ለቅማ የምታነድ፣ ጡጦ መቀቀያ ድስት የሌላት እናትስ? ያቺ እናት ሁለት ሞት መካከል ቆመች። ብታጠባው በቫይረሱ፣ ባታጠባው በተቅማጥና በሳንባ ምች። በዚያ ዘመን በደርባን ዙሪያ ባለው በክዋዙሉ ናታል ክፍለ ሀገር ለምርመራ ከሚመጡ ነፍሰ ጡሮች ከሦስቱ አንዷ ገደማ ቫይረሱ ነበረባት። ስለዚህ ጥያቄው የአንድ ቤት አልነበረም፤ የመንደሩ ሁሉ ነበር።

ደርባን ላይ አና ኩትሱዲስና ሁሴን ኮቫዲያ የሚባሉ ተመራማሪዎች ከባልደረቦቻቸው ጋር አንድ ጥናት ጀመሩ። መጀመሪያ ሊያዩ የፈለጉት ሌላ ነገር ነበር፤ ቫይታሚን ኤ ለእናትየዋ ቢሰጥ ቫይረሱ ወደ ልጁ እንዳይተላለፍ ይረዳ እንደሆነ። አልረዳም። ነገር ግን እናቶቹ ልጆቻቸውን ምን እንደሚመግቡ በጥንቃቄ ይጠይቁና ይመዘግቡ ስለነበር፣ ከዚያው መዝገብ ማንም ያልጠበቀው ነገር ወጣ። በ1999 ያሳተሙት ጽሑፍ 549 እናቶችን ይመለከታል። በሦስት ወር ዕድሜ ሲቆጠር፣ ጡት ፈጽሞ ካልጠቡት ሕፃናት ከመቶ 19 ያህሉ ቫይረሱ ተገኘባቸው። ጡት እየጠቡ ውሃም፣ የጣሳ ወተትም፣ አጥሚትም ከተቀላቀለባቸው ከመቶ 24። ጡት ብቻ ከጠቡት፣ ውሃ እንኳ ካልቀመሱት፣ ከመቶ 15 ያህሉ ብቻ።

እስቲ ቆም ብላችሁ አስቡት። ወተቱ አንድ ነው፤ ቫይረሱም አንድ ነው። ልዩነቱን ያመጣችው ከጎን የገባችው ማንኪያ ናት።

ብዙ ሊቃውንት አላመኑም። እናቶቹ የአመጋገቡን መንገድ የመረጡት ራሳቸው ስለሆኑ ሌላ ምክንያት ሊኖር ይችላል ተባለ። መጠራጠራቸው ደግ ነው፤ ሳይንስ በአንድ ምስክር አይፈርድም፣ ኦሪታችንም በአንድ ምስክር ቃል ነገር አይጸናም ትላለች። ሁለተኛው ምስክር ከዚምባብዌ መጣ። ሐራሬ ላይ ከ1997 እስከ 2000 ድረስ 14,110 እናቶች ከነጨቅላዎቻቸው የተመዘገቡበት ትልቅ ጥናት ተካሄደ። እዚያም ገና በጠዋቱ ምግብ የተቀላቀለባቸው ሕፃናት፣ ጡት ብቻ ከጠቡት ይልቅ እስከ ስድስት ወር ባለው ጊዜ በወተቱ የመያዝ አደጋቸው አራት እጥፍ ሆኖ ተገኘ። ሦስተኛው እንደገና ከክዋዙሉ ናታል፣ በ2007። በዚህኛው ጥናት የሠለጠኑ የመንደር ሴቶች እቤት ድረስ እየሄዱ እናቶችን ያበረታቱ ነበር። ጡት እየጠቡ ጠንከር ያለ ምግብ የተሰጣቸው ሕፃናት አደጋቸው ወደ 11 እጥፍ ደረሰ። በተጨማሪም በሦስት ወር ውስጥ ጡት ብቻ ከጠቡት ከመቶ 6 ሲሞቱ፣ የጣሳ ወተት ከተሰጣቸው ከመቶ 15 ሞቱ።

ለምን እንዲህ ይሆናል? ተመራማሪዎቹ የሚሰጡትን ማብራሪያ በእኛ ሙያ ልንገራችሁ። እናቶቻችን ሸክላ ሠሪዎች ነበሩ። እሳት ያላየ እንስራ ውሃ ቢሞሉበት እንዴት እንደሚሆን ታውቃላችሁ፤ ይረሰርሳል፣ ያሳልፋል፣ ይፈርሳል። የጨቅላ አንጀት ያልተተኮሰ እንስራ ነው። የእናት ወተት ይለስነዋል፣ ያጠነክረዋል። ሌላ ምግብና ያልነጻ ውሃ ሲገባ ግን ግድግዳው ይቆስላል፣ በቁስሉም ቫይረሱ መግቢያ ያገኛል። ሁለተኛም ነገር አለ። ልጁ በሌላ ነገር ሆዱ ሲሞላ ጡቱን በደንብ አይጠባም። ወተት በጡት ውስጥ ሲቀር ጡቱ ይቆጣል፣ አንዳንዴ እናትየዋ ራሷ እንኳ ሳታውቀው። የተቆጣ ጡት ወተት ውስጥ ደግሞ ቫይረሱ ይበዛል።

እንግዲህ አያቶች እዚህ ላይ ነው የሚገቡት። በዙሉ ቋንቋ አያት «ጎጎ» ትባላለች። እንደ እኛው የቤቱ ራስ ናት። ክሊኒኩ «ጡት ብቻ» ብሎ የላካት ወጣት እናት እቤት ስትደርስ ጎጎ «ለምን ውሃ አትሰጪውም? ምን ደብቀሽን ነው?» ትላታለች። ልጅቷ ደግሞ ቫይረሱ እንዳለባት ለአማቷ አልተናገረችም፣ ምናልባት ለባሏም። እውነቱን ብትናገር ከቤት ልትባረር ነው። ዝም ብላ አጥሚቱን ትሰጣለች። ጣሳ ይዛ ብትገባም ያው ነው፤ ጣሳው ራሱ ይናገርባታል። ጡት እያላት ጡጦ የምትሰጥ ሴት «ያ ነገር ያለባት ናት» ይባል ነበርና። በየጥናቱ እናቶቹ ይህንኑ እየደጋገሙ ተናግረዋል። ከሰው ፊት ጡት፣ ከጓዳ ጡጦ። ከሁሉ የከፋው መንገድ፣ ቀላቅሎ መመገብ፣ የተወለደው ከድንቁርና ሳይሆን ከፍርሃት ነበር።

ወደ ቦትስዋና እንሻገር። አልማዝ ያላት፣ ከጎረቤቶቿ የተሻለ ኑሮ ያላት፣ መንግሥቷ ለሕዝቡ የሚያስብ አገር ናት። በ1999 ቫይረሱ ወደ ልጆች እንዳይተላለፍ የሚሠራ ፕሮግራም ከአፍሪካ ቀድማ ጀመረች፤ ለእናቶቹም የአንድ ዓመት የጣሳ ወተት በነጻ ሰጠች። በጎ ሥራ ነበር፤ በበጎ ልብ የተሠራ። ከ2005 መጨረሻ ጀምሮ ግን ከባድ ዝናብ ዘነበ። ጎርፉ የመጠጥ ውሃውን በከለው። በ2006 የመጀመሪያ ሦስት ወራት ውስጥ ከአምስት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት 35,000 ያህል የተቅማጥ ሕመም ተመዘገበ፤ ከ500 በላይ ሞቱ። በዓመቱ በፊት በዚያው ወቅት የሞቱት ሃያ ገደማ ነበሩ። ከአሜሪካ የመጡ የበሽታ መርማሪዎች ከአገሩ ሐኪሞች ጋር ሆነው ሲያጣሩ ከሁሉ ጎልቶ የወጣው ምክንያት ጡት አለመጥባት ነበር። ውሃው ሲቆሽሽ ጡት የሚጠባው ልጅ መሸሸጊያ ነበረው። የጡጦው ልጅ አልነበረውም።

በዚያው አገር ትንሽ ቀደም ብሎ 1,200 እናቶች በዕጣ ተከፍለው የታዩበት ጥናትም ነበር። ግማሾቹ የጣሳ ወተት ሰጡ፤ ግማሾቹ አጠቡ፣ ልጆቻቸውም መከላከያ መድኃኒት እየወሰዱ። በሰባተኛው ወር የጣሳዎቹ ልጆች በቫይረሱ የተያዙት ከመቶ 6 ያህል፣ የጡቶቹ 9። ጣሳው አሸነፈ ትላላችሁ። ሞቱ ሲቆጠር ግን ከጣሳዎቹ ከመቶ 9፣ ከጡቶቹ 5። በዓመት ከመንፈቅ በቫይረሱ ሳይያዙ በሕይወት ያሉት ሲቆጠሩ ሁለቱ ወገኖች እኩል ለእኩል ሆኑ። ጣሳዋ በቀኝ እጇ የሰጠችውን በግራ እጇ ወሰደችው።

«እንግዲያው ጥቂት ወር አጥብታ ድንገት ብታስጥለውስ?» ያሉም ነበሩ። ሉሳካ፣ ዛምቢያ ውስጥ 958 እናቶች ጋር ይህ ተሞከረ። ግማሾቹ በአራተኛው ወር በአንድ ጊዜ ጡት አስጣሉ፣ ግማሾቹ እንደፈለጉ ቀጠሉ። ውጤቱ በ2008 ወጣ፤ ምንም ጥቅም አልተገኘም። አስቀድመው ለተያዙት ሕፃናት እንዲያውም ከፋ፤ ጡት ከተነጠቁት በሁለት ዓመት ውስጥ የሞቱት ከቀጠሉት እጅግ በለጡ። ጡት ያስጣለች እናት ሁሉ ይህ የሚገባት ይመስለኛል። የአራት ወር ልጅ በአንድ ሌሊት ጡት ይጣል ማለት መጽሐፍ ላይ ሲጻፍ ብቻ ነው ቀላል የሚሆነው።

አሁን ደግሞ ሆድ ስለሚያቃጥል ነገር። ይህ ሁሉ ምርምር ሲደረግ በደቡብ አፍሪካ መንግሥት ውስጥ ታቦ ምቤኪ ፕሬዚዳንት ነበሩ፤ የበሽታውን መንስኤ የሚጠራጠሩ ሰዎችን ቃል ያደምጡ ነበር። የጤና ሚኒስትሯ ማንቶ ቻባላላ ምሲማንግ ደግሞ መድኃኒቱን መርዝ አስመስለው እየተናገሩ ነጭ ሽንኩርት፣ ቀይ ሥር፣ ሎሚና የወይራ ዘይት ብሉ ይሉ ነበር። ኔቪራፒን የሚባለው መድኃኒት ለምጥ ላይ ላለች እናት አንድ ክኒን፣ ለልጁ ጥቂት ጠብታ ነበር፤ ዋጋውም ትንሽ። እሱን እንኳ በጥቂት የሙከራ ቦታዎች ብቻ አድርገው ከለከሉት። በሽተኞቹ ራሳቸው ተደራጅተው ከሰሱ፤ በሐምሌ 2002 የአገሪቱ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት መንግሥቱ መድኃኒቱን እንዲሰጥ አዘዘ። በኋላ የሐርቫርድ ተመራማሪዎች ሲያሰሉት፣ በዚያ መዘግየት ምክንያት ከ330,000 በላይ ሰዎች ያለ ጊዜያቸው ሞተዋል፤ 35,000 ያህል ሕፃናትም ቫይረሱን ይዘው ተወልደዋል።

ነጭ ሽንኩርት እኔም እወዳለሁ። ያለሱ ወጥ ወጥ አይሆንም። ሚኒስትሯም ምግብ ያስፈልጋል ማለታቸው ስሕተት አልነበረም፤ የተራበ ሰውነት መድኃኒት አይሸከምም። ክፋቱ ምግብን በመድኃኒት ፋንታ ማስቀመጣቸው ነው። ይህን የምለው ለሩቅ አገር ሰዎች ብቻ አይደለም። ከመካከላችን የስኳርና የደም ግፊት ክኒኑን መሳቢያ ውስጥ ትቶ ጥቁር አዝሙድና ፌጦ ብቻ የሚወስድ ሰው ስንት ነው? ፌጦውን ውሰዱ፤ ክኒኑንም አትተዉ፤ ሁለቱንም እንደምትወስዱ ደግሞ ለኩፓት ሆሊም ሐኪማችሁ ንገሩት።

ወደ ልጆቹ እንመለስ። ክርክሩን የፈታው በመጨረሻ መድኃኒቱ ነው። እናትየዋ የፀረ ኤች.አይ.ቪ. መድኃኒት በየቀኑ ስትወስድ በደሟም በወተቷም ያለው ቫይረስ እጅግ ይቀንሳል። ማላዊ ውስጥ ሊሎንግዌ ላይ በተደረገ ጥናት ያለ ተጨማሪ መድኃኒት ከጠቡት ሕፃናት በ28 ሳምንት ውስጥ ከመቶ 6 ያህሉ ሲያዙ፣ እናቶቻቸው መድኃኒት ከወሰዱት 3 ያህሉ፣ ሕፃናቱ ራሳቸው የኔቪራፒን ሽሮፕ ከወሰዱት ደግሞ 2 ያህሉ ብቻ ተያዙ። በቦትስዋና በእርግዝና ጀምረው እስከ ጡት ማስጣል ድረስ መድኃኒት የወሰዱት እናቶች ልጆች በስድስት ወር የተያዙት ከመቶ አንድ ገደማ ሆኑ። ሁለቱም በ2010 ታተሙ። በዚያው ዓመት የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያውን ቀየረ፤ መድኃኒት እየተወሰደ ስድስት ወር ጡት ብቻ፣ ከዚያም ከምግብ ጋር እስከ ዓመት። በ2016 እስከ ሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ አደረገው። ደቡብ አፍሪካ በ2011 ነጻ የጣሳ ወተት ከመንግሥት ክሊኒኮች ማደሉን አቆመች።

ማላዊን ልብ በሉልኝ። ድሀ አገር ናት። መድኃኒት ለመጀመር «የበሽታ መከላከያ ሴሏ ይቆጠር» ይባል ነበር፤ ማላዊ ግን ለዚያ የሚበቃ መሣሪያ በየመንደሩ አልነበራትም። ስለዚህ በ2011 ቆጠራውን ተወችውና ቫይረሱ ያለባት ነፍሰ ጡር ሁሉ ወዲያው ጀምራ ዕድሜ ልኳን ትውሰድ አለች። ሌሎቹ አገሮች ኋላ ተከተሏት። ባለመሣሪያዎቹን ያስተማረቻቸው መሣሪያ ያጣችው ናት። ቦትስዋናም በ2021 ከፍተኛ የበሽታው ጫና ካለባቸው አገሮች የመጀመሪያዋ ሆና ከእናት ወደ ልጅ መተላለፉን ወደ ማጥፋት በመቃረቧ ከዓለም ጤና ድርጅት የምስክር ወረቀት ተቀበለች። አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ያን የዝናብ ወቅት አስታውሳችሁ ይህን ስታነቡ፣ የተደከመው ድካም ይታያችኋል።

ከስድስት ወር በኋላስ? እዚህ ደግሞ ማንኪያዋ ወንጀለኛ መሆኗ ቀርቶ ባለውለታ ትሆናለች። ማላዊ፣ ብላንታየር ውስጥ ማርክ ማናሪ የተባለ የሕፃናት ሐኪም በምግብ እጥረት የከሱ ልጆችን ሆስፒታል አስተኝቶ ወተት ማጠጣት ሰለቸው፤ ብዙዎቹ እዚያው ይሞቱ ነበርና። በ2001 ከኦቾሎኒ፣ ከወተት ዱቄት፣ ከስኳር፣ ከዘይትና ከቫይታሚኖች የተለወሰ ምግብ ለእናቶቹ እያስያዘ ልጆቹን ወደ ቤት መስደድ ጀመረ። ውሃ አይፈልግም፣ እሳት አይፈልግም፣ ቶሎ አይበላሽም። ከሆስፒታሉ ይልቅ በቤት ብዙ ልጆች ዳኑ፤ ቫይረሱ ካለባቸው ልጆችም ብዙዎቹ ክብደት ጨመሩ፣ ምንም እንኳ የእነሱ ማገገም ቀስ ያለ ቢሆን። ይህ ለውስ በፈረንሳዮች የተፈለሰፈ ነው፤ ኢትዮጵያ ውስጥም በድርቅ ጊዜ «ፕላምፒ ነት» እየተባለ ስንቱን ልጅ አትርፏል፤ ዘመድ ያላችሁ ትሰሙት ይሆናል። የልጅ ልጆቻችሁ ባምባ ሲበሉ ብታዩ ኦቾሎኒውን አትናቁት።

የመጨረሻው ጥናት የዚምባብዌ ገጠር ነው፤ ውጤቱ በ2019 የወጣ። እዚያ ቫይረሱ ካለባቸው እናቶች ተወልደው ራሳቸው ያልተያዙ ልጆች፣ በመድኃኒቱ የዳኑት ማለት ነው፣ በዓመት ከመንፈቅ ግማሾቹ ቀንጭረው ተገኙ፤ ቁመታቸው ከዕድሜያቸው ያነሰ። ከሌሎቹ ልጆች ይልቅ ብዙ። ከስድስተኛው ወር ጀምሮ በየቀኑ አንድ ትንሽ ከረጢት የኦቾሎኒ ለውስ ሲጨመርና እናቶቹ ስለ አመጋገብ ሲመከሩ፣ የቀነጨሩት ከመቶ 50 ወደ 40 ወረዱ። የሚገርመው በሌላ ወገን መጸዳጃ ቤትና የእጅ መታጠቢያ የተሠራላቸው ቤተሰቦች ልጆች በቁመት ምንም አልጨመሩም። ንጽሕናን በኦሪት ሕግ ለተማርን ለእኛ ይህ ለመቀበል ይከብዳል። ተመራማሪዎቹ ያሉት ንጽሕና አይጠቅምም አይደለም፤ ዶሮና ፍየል ከልጅ ጋር በሚውልበት ግቢ አንድ ጉድጓድና አንድ ባልዲ አይበቃም ነው።

አሁን ወደ ራሳችን ቤት። እኔ መምህር ነኝ እንጂ ሐኪም አይደለሁም፤ ስለዚህ የምነግራችሁ የተጻፈውን ነው። ንጹሕ ውሃና ጣሳ በማይታጣባቸው አገሮች ቫይረሱ ላለባት እናት የሚሰጠው ምክር ለረጅም ዘመን «አታጥቢ» ነበር። በ2023 አሜሪካኖች መድኃኒቷን በሚገባ የምትወስድና ቫይረሱ በደሟ የማይታይ እናት ከሐኪሟ ጋር ተመካክራ እንድትወስን ፈቀዱ። እዚህ አገር ያለች እናት መጠየቅ ያለባት የምትታከምበትን ክሊኒክ ነው፤ ጎረቤትን አይደለም፣ እኔንም አይደለም። ምራታችሁ ወይም ልጃችሁ የማታጠባ ከሆነች ግን «ለምን?» ብላችሁ ሰው ፊት አትጠይቋት። ምክንያቱ ወተት ማጣት ሊሆን ይችላል፣ የምትወስደው መድኃኒት ሊሆን ይችላል፣ ሥራ ሊሆን ይችላል። ጎጎ ያን ጥያቄ በጠየቀች ቁጥር የሆነውን አንብባችኋል።

ቫይረሱ ለሌለባት እናትም የደርባኗ ማንኪያ አንድ ነገር ትነግረናለች። ስድስት ወር እስኪሞላው በቤር ሼቫም በአፉላም ሙቀት ጡት የሚጠባ ልጅ ውሃ አያስፈልገውም፤ ወተቱ አብዛኛው ውሃ ነውና ቶሎ ቶሎ ይጥባ። ነርሷ የምታዝዘው የቫይታሚን ዲ እና የብረት ጠብታ ከዚህ አይቆጠርም፤ እሱን ስጡት። ቅቤ፣ አብሽ፣ የስኳር ውሃ ግን ይቆይ። ማር ደግሞ ዓመት ሳይሞላው በፍጹም፤ ለጨቅላ አደገኛ የሆነ መርዝ የሚፈጥር ጀርም ሊኖረው ይችላል።

አባቴ ቄስ ነበሩ፤ በእኛ ሥርዓት አራስ ለወንድ አርባ፣ ለሴት ሰማንያ ቀን በአራስ ጎጆ ትቆይ ነበር። ስለ ጎጆው ብዙ ይባላል፣ ከባድም ነበር፤ ብርዱንና ብቸኝነቱን እናቶቻችሁ ነግረዋችኋል። ነገር ግን በዚያ ጊዜ ገንፎው፣ ቅቤው፣ አጥሚቱ እየተሠራ የሚሄደው ለአራሷ ነበር። አያት ሆይ፣ ሙያሽ ዛሬም የሚፈለገው እዚያው ላይ ነው። ቅቤውን ከአራሷ ገንፎ መሐል አድርጊው፤ አብሹንም እሷ ትጠጣው። ልጁ ሲያለቅስ ተቀበያትና አዝለሽ አባብዪው፤ እሷ ሁለት ሰዓት ትተኛ። ስድስት ወሩ ሲሞላ ማንኪያሽን አውጪ፤ ያን ጊዜ ምስሩንም፣ እንቁላሉንም፣ አቮካዶውንም አድቅቀሽ ስትሰጪ ነርሷም አትከለክልሽም።

በሚቀጥለው ዕትም ስለ ስኳር በሽታና ስለ ጤፍ እንጨዋወታለን። እስከዚያው ሰላም ሁኑ።